ውሃ መጣ

በኮንዶሚኒየሙ እንደ እሷ ለውሃ የሚሳሳ አልነበረም። ባሏን በአንድ ኩባያ ውሃ መላጨት አስለምዳዋለች፤ ጎመን ያጠበችበት ለሽንት ቤት ይቀመጣል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ፣ የመጣ ጊዜ ድምፁን እንድትሰማ ቧንቧውን ከፍታ ትተዋለች።

ውሃው በጠፋ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከባሏ ጋር ለለቅሶ ወደ ደሴ ተነሡ። አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን ሲያልፍ፣ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ጥሩወርቅ ደወለች።

«እትዬ፣ እልል በይ! ውሃ መጣ!»

ወደ ባሏ ዞረች። «ቧንቧውን ዘግተኸዋል?»

«አንቺ አልዘጋሽውም?»

ሁለቱም የቤቱ ቁልፎች ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ።

«ብቻ እኛ ጋ ጠብ ጠብ ነው የሚለው» ቀጠለች ጥሩወርቅ። «አንድ ጄሪካን እንኳ አልሞላልኝም። ማን ከፍቶ እንደሚያፈሰው እንጃ! አንቺ ብትኖሪ ልክ ታስገቢልን ነበር።»