ስትጨርሺ ዝጊው

ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሉሰው ኮድ መጻፍ ሊያስተምረኝ ገና እንደጀመረ ሞተ። ማራኪ ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ በደብተር የጻፈልኝን እየተከተልኩ ብቻዬን ቀጠልኩ። ኮቱ አሁንም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

«ሳንድቦክስ በኢንተርኔት የምትከፍቺው ባዶ ኮምፒውተር ነው» ይላል ደብተሩ። «ካንቺ በቀር ማንም አይገባበትም። የፈለግሽውን ሞክሪ፤ ቢበላሽም አትፍሪ። ስትጨርሺ ዝጊው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በሌላ ቀን የምትከፍቺው አዲስ ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ ስድስት ጊዜ ከፍቼ ተለማመድኩ። ስድስቱንም ጊዜ እንዳለኝ ዘጋሁት።

ዛሬ አርባው ነው። እናታችን ከዛሪማ መጥታ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። እኔ እጄ ሥራ ሲፈታ ስለማለቅስ ሳንድቦክሱን ከፈትኩት። የደረስኩበት ገጽ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች መዘርዘር ያስተምራል። «አዲስ ስለሆነ ምንም አይወጣልሽም» ብሎ ጽፎልኛል።

ትእዛዙን ጻፍኩ። አንድ ፋይል ወጣ፤ ስሙ «እታለም» ይላል።

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አለች እናቴ። «ማን አለ እዚያ ውስጥ?»

«ማንም የለም እምዬ። ባዶ ነው።»

ፋይሉን ከፈትኩት። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ስድስት ጊዜ ጠራሁሽ፤ ምነው ስድስቴም ዘጋሽብኝ?»