በተዘጋው ሱቅ በር የወጣው መፍቻ

"ኧረ ክፈቱልኝ! ቤቴ በውሃ ሊወሰድ ነው!"

ፍራው (ወይዘሮ) ኪልያን ጸጉራቸው በቢጎዲን እንደተጠቀለለ የሱቁን በር ይደበድባሉ...

ውስጥ ያለው ኤክሃርት ብሬንዴል ነው። በጀርመኗ ፒርማዘንስ ከተማ ውስጥ "ዕቃውን ራስህ ምረጥ፣ ቤትህን ራስህ ጠግን" ብሎ ሱቅ የከፈተ የመጀመሪያው ሰው!

ግን ቅዳሜ ነው... ስምንት ሰዓት አልፏል!

በዚያ ዘመን ከዚህ ሰዓት በኋላ ሚስማር መሸጥ እንኳ በሕግ ክልክል ነበር።

ኤክሃርት ደግሞ አንዴ ተቀጥቷል። ከደገመ ሱቁ ይታሸጋል... ቤቱን አስይዞ የከፈተው ሱቅ!

"ቧንቧ ሠሪው ምን አለዎት?"

"ሰኞ እመጣለሁ አለኝ! እስከ ሰኞ ዋና ልማር? የውሃው መዝጊያ ዝጎ በእጅ አልዞር ብሏል!"

ከመንገዱ ማዶ ሌላው የብረታ ብረት ነጋዴ ሄር (አቶ) ሱተር፣ መስኮቱ ላይ ትራስ አድርጎ ተደግፎ ያያል።

"ብሬንዴል! ሰዓት የለህም እንዴ? ላውስህ?"

ኤክሃርት ድንገት ሳቀ...

"ተባረክ ጎረቤቴ!"

ሮጦ ገብቶ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ይዞ ወጣ።

"አልሸጥልዎትም፣ አውስዎታለሁ! ሲጨርሱ ይመልሱልኛል!"

ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ከተፍ አለ። ሱተር ጠቁሞ ነበር!

"ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸጠዋል ተብሏል።"

ኤክሃርት ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ።

"አልሸጥኩም... አዋስኩ እንጂ።"

"ምስክር አለዎት?"

"ከፍራው ኪልያን በቀር... የለኝም።"

"አለዎት እንጂ! እኔ!" አለ ተቆጣጣሪው።

"እርስዎ?!"

"ከእሳቸው ፎቅ በታች የምኖረው እኔ ነኝ! ውሃው ሶፋዬ ላይ ነበር የሚንጠባጠበው! በመፍቻው መዝጊያውን ያዞርኩትም እኔ!"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ...

"ለመሆኑ ግድግዳ መብሻ ድሪልም ያውሳሉ? ሚስቴ መደርደሪያ ስቀል እያለች መቀመጫ አሳጥታኛለች።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ መሣሪያ ማዋስ ጀመረ። ድሪል የተዋሰ ሰው ብሎን ሊገዛ ይመለሳል፣ ብሎን የገዛ ጣውላ ያምረዋል... ብሬንዴል በየከተማው ቅርንጫፍ ከፈተ!

አንድ ቀን ታዲያ ማን መጣ መሰላችሁ?

ሱተር! ጣሪያው አፍስሶበት... አንገቱን ደፍቶ።

"መሰላል... ይኖርሃል?"

ኤክሃርት አንዲት የወቀሳ ቃል ሳይናገር ረጅሙን መሰላል አወጣለት። አንደኛውን ጫፍ እሱ ተሸክሞ መንገዱን አብረው ተሻገሩ።

ትምህርቱ፦ ሰውን ለመርዳት ልብ ካለ መንገድ አይጠፋም። ያሳጣህን ሰው ስትረዳ ደግሞ ልብህ ይበልጥ ይሰፋል!

እናንተስ በኤክሃርት ቦታ ብትሆኑ፣ ለሱተር መሰላሉን ታውሱት ነበር? እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ...