የማንቶስ ጥቁር ኮት

የቲኖስ ደሴት እብነ በረድ ቆራጮች መጋዛቸውን በዓመት አንዴ ያስባርካሉ። ቄሱ ጸበሉን ረጭተው ሲጨርሱ መጋዞቹ ወዲያው ተነሥተው መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ገድ ነው ይላሉ።

ማንቶስ ለዚያ ቀን አዲሱን ጥቁር ኮቱን ለበሰ። ልጁ ስታማትያ መጋዝ ቤቱ በር ላይ በብሩሽ ጠረገችለት። መጋዙ ከተነሣ በኋላም አጠገቡ አቆመችውና ካሜራዋን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተከለች።

"አባባ፣ ትንፋሽህን ያዝ" አለችው። ሳንባው ለታመመ ሰው ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ያዘ።

ያ ፎቶ አሁን በማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቧል። ሠራተኞቹ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ይገዛልን ይላሉ። የመጋዝ ቤቱ ባለቤት ፓንደሊስ ደግሞ ቤቴ አቧራ የለበትም ባይ ነው።

ፎቶው እውነትም አያምርም። ከማንቶስ ኋላ ያለፈ ሠራተኛ ጭስ መስሎ ቀርቷል። ጥቁሩ ኮት ከአንገት እስከ ጫፉ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው።

ፓንደሊስ በዘመድ ሰርግ ላይ ፎቶ እያነሣ ፎቶ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ነው። ለኮሚቴው አብራራ፦ ቤቱ ጨለም ስለሚል ልጅቱ የካሜራውን አይኤስኦ ሰቅላዋለች። አይኤስኦ ሲሰቀል ካሜራው በትንሽ ብርሃን ያያል፤ ምስሉ ግን በነጠብጣብ ይሞላል፤ ጥቁር ነገር ላይማ ይብሳል።

"ስንት ላይ አድርገሽው ነው?" አላት።

"ባለሙያው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።"

ኮሚቴው ሳቀ። ማንቶስ በክርኑ ጎሸም አደረጋትና ከተሳሳትሽ እመኚና እንሂድ አላት። አልሰማችውም። ግትር ናት፤ ግትርነት ደግሞ የተበላሸ ፎቶ አያድንም።

"ስድስት ሺህ አይቀርለትም" አለ ፓንደሊስ። "የሚያውቅ ሰው ካሜራውን ተክሎ ብርሃኑን ረዘም ላለ ጊዜ ያስገባና መቶ ላይ ያደርገው ነበር።"

ሰብሳቢዋ አርጊሮ ቀና አለች። "መቶ ላይ ቢሆንስ?"

"መቶ ላይ ካሜራ ነጠብጣብ አይሠራም። ከታየ እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ያን ጊዜ ማሽኑን ነገውኑ እገዛለሁ።"

"ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ" አለች ስታማትያ።

ፓንደሊስ እየሳቀ ይያዝላት አለ። ተያዘ።

ስታማትያ ካሜራውን ከቦርሳዋ አውጥታ ፎቶውን ከፈተችና ለሰብሳቢዋ አቀበለቻት። አርጊሮ መነጽሯን አስተካክላ ከምስሉ ሥር የአይኤስኦውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች።

"መቶ።"