ኩሽና ውስጥ ብቻ የምትራመደው እናት

«ኩሽና አድርሰኝ እንጂ... እዚያ ራሴ እቆማለሁ።»

እናትየዋ ናት፣ ሳሎኑ ጥግ ካለው አልጋዋ ላይ ሆና።

ልጇ በባዶ እግሯ አቅፎ አነሳት... ሳሎኑን ተሻገረና ኩሽናው ውስጥ አወረዳት።

ቆመች!

እንዲያውም ምንም ሳትደገፍ ወዲያ ወዲህ እያለች ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

«ይኸው! ሥራ ስታይ ነፍስ ትዘራለች» አለች እህቱ እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ደክሞታል... ሳምንቱን ሙሉ የትልልቅ ሕንፃ ወለል ሲወለውል ነው የከረመው።

ሥራ ቦታ «መስታወት» ነው የሚሉት። እሱ የወለወለው ወለል ላይ ጎንበስ ብለህ ፀጉርህን ታበጥራለህ ይላሉ።

እናቱ የወደቀችው ሳሎን ውስጥ ነው... ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ። ሐኪሙ «ስብራት የላትም፣ ደህና ናት» አለ። እሷ ግን «እግሬ ከዳኝ» ብላ አልጋ ላይ ቀረች።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ትልቁ ወንድማቸው መኪና ይዞ ይመጣል... ሊወስዳት። ሌላ ከተማ። እሱ ቤት የሚያነሳት፣ የሚያስቀምጣት ሰው አለ።

«እንዳላችሁ» ብላለች... ልጆቿን ያሳደገችበትን ግድግዳ እያየች።

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሳሎኑ ወለል ላይ ተኝታለች።

ወለሉ ውሃ ይመስላል... ነፋስ የማያውቀው ሐይቅ። አልጋው፣ ወንበሩ፣ መጋረጃው ተገልብጠው ውስጡ ይንሳፈፋሉ።

ሐይቁን የሠራው እሱ ነው። አለቃው ትራፊ የወለል ሰም ሰጠውና በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በእጁ እያሸ... የእማ ቤትም አንድ ቀን እንደ ሀብታም ቤት ያብራ ብሎ።

«ና እስቲ መስታወት!» እህቱ ናት። አስተማሪ ናት። «ነገ ለተማሪዎቼ ስለ ሰበቃ የማሳየው ነገር አለ። ሞክርልኝ።»

«እኔ? ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ!»

«ዝም ብለህ ይሄን ጣውላ ያዝ!»

የእናታቸውን ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ ጣውላው ላይ አስቀመጠች።

«አንዱን ጫፍ ቀስ እያልክ አንሳ... ጫማው ሲንሸራተት ቁም።»

አነሳ... አነሳ... ጣውላው እንደ ጣሪያ ሲያዘቀዝቅ ጫማው ሸርተት አለ።

«አየህ? ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀረዋል። ሰበቃ ማለት እሱ ነው። ሻካራ ሲሆን ጠበቅ ያደርጋል... ሲለሰልስ ይለቃል።»

ቀጥላ ጣውላው ላይ ጆንያ ወጥራ አሰረች። ቢያነሳ፣ ቢያነሳ... ጫማው ንቅንቅ የለም!

«ይሄስ ግትር ነው! በማን ወጣ?» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

«ሰምቻለሁ!» አለች እናቱ ከኩሽና።

«አሁን ደግሞ ለስላሳውን...» አለች እህቱ ጆንያውን እየፈታች። «ያ የሰም ጨርቅህ የት አለ?»

ጨርቁን አምጥቶ ጣውላውን አሸው... በሙያው፣ እስኪያበራ። ጫማውን አስቀመጠና ገና ከፍ ከማድረጉ...

ሽው!

ጫማው ወረደ። ወለሉ ላይ አረፈ... ግን አልቆመም። ሐይቁ ላይ እንደ ጀልባ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ እያለ ሄደ... ሄደ...

ኩሽናው ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ገትሮ እንደያዘው።

እህቱ አጨበጨበች። «አቤት ማማሩ! ነገ ልጆቹ ያብዳሉ!»

እሱ ግን ጫማውን እያየ ፈዞ ቀረ።

ወለሉን የወለወለ ቀን ሰሙ ያለቀበት... ልክ እዚያ ነበር።

ኩሽናው አልደረሰውም። እንደ ድሮው ሻካራ ሲሚንቶ ነው።

ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ሄደ።

«እማ...»

«ወይ።»

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«የጣለሽ ወለሉ እንደሆነ።»

ብርጭቆዋን አዟዟረች... አዟዟረች...

«ወለሉን ወልውለህ ጨርሰህ 'እማ፣ እንዴት ነው?' ስትለኝ ፊትህን ብታየው» አለች። «ጉልበትህ ቀልቶ፣ ዓይንህ በድካም ጠቦ... እንደ ሕፃን ትስቃለህ። 'ይሄ ነገርህ ጣለኝ' የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?»

«እና ዝም ብለሽ ቤትሽን ልትለቂ ነበር?»

«ቤቱ ይቅር ልጄ... ያንተ ሳቅ ከሚጠፋ።»

እህቱ ማጨብጨቧን ትታለች።

እሱ ውሃ አፈላ። ሳሙናና ብሩሽ አመጣ። ተንበረከከ።

ወለል ሲያበራ የኖረ ሰው... ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃኑን ሊያጠፋ ይፈትግ ጀመር።

«መስታወት ተሰበረ በሉኛ!» አለች እህቱ እያለቀሰች፣ እየሳቀች... እሷም ብሩሽ አንስታ።

ሐይቁ ከመሀል ወደ ዳር ደረቀ። ወንበሩም መጋረጃውም ከውሃው ወጥተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከአልጋዋ እስከ በሩ ጆንያ አነጠፉላት።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ።

ትልቁ ወንድም ነው። እናቱን ተሸክሞ ሊያወጣ እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል...

በሩን የከፈተችለት ግን ራሷ ናት።

«ግባ ልጄ... ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ወንድምህ ወለል አጥቧል።»

ወዳጆቼ... ለምንወደው ሰው ደክመን የሠራንለት ነገር አንዳንዴ ራሱ ይጥለዋል። እሱም እኛን ላለማሳዘን «እግሬ ከዳኝ» ይለናል። ስጦታ ከሰጣችሁ በኋላ ተመለሱና «ተመቸህ ወይ? ተመቸሽ ወይ?» በሉ። የተባላችሁትን ብቻ አትስሙ... አረማመዳቸውንም እዩ።

እስቲ በእናቲቱ ቦታ ሁናችሁ መልሱልኝ... ለልጃችሁ እውነቱን ትነግሩት ነበር ወይስ ሳቁን ይዛችሁ ቤታችሁን ትለቁ ነበር? 👇