ከማገሩ የወረደው ወንጭፍ

«ጉልበት እንደ ባጃጅ ጎማ ነው፤ በሄዱበት ቁጥር ያልቃል» የምትል ወሬ ነበረች፤ ጎረቤታቸው ቆንጅት ከቆቦ ገበያ በተመለሰች ቁጥር ትደግማት ነበር። ጌጥነሽም አመነችና አባቷ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቁበትን ወንጭፍ ቤት ውስጥ ማገሩ ላይ ሰቀለችው። ማሳው ድረስ መመላለሱ ቀረ። መገጣጠሚያቸው ይለሰልስ ብላ ጠዋት ማታ ቅቤ የጠገበ ፍርፍር ታጎርሳቸው ጀመር። «ሙክት አደረግሽኝ እኮ» ሲሏት፣ «ዝም ብለው ይብሉ፤ ሐኪምዎ እኔ ነኝ» ትላቸው ነበር እየሳቀች።

ያን ጠዋት የግሪሳ መንጋ ከደጃፋቸው ማዶ እሸቱ ላይ ሲሰፍር ሁለቱም አዩ። ጌጥነሽ ደንግጣ ወንጭፉን አውርዳ ሰጠቻቸው። አባቷ ጠጠር አኑረውበት ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ ሊሉ ሞከሩ። ዓመቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የከረመው ጉልበታቸው ግን የከበደ ገላቸውን መሸከም አቃተው፤ መደቡ ላይ ተመልሰው ዘጭ አሉ። ጠጠሩ ተንከባሎ እግሯ ሥር ቆመ።

«ነገ በባጃጅ ጤና ጣቢያ እወስድዎታለሁ» አለች።

«አምና ሄጄ ነበር እኮ፣ ልጄ። ‹አባት፣ ቅቤውን ይቀንሱ፤ መራመዱን ግን እንዳይተዉ› ብለውኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ!»

አባቷ ወንጭፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት። ማዶ ወፎቹ እሸቱን ይለቅሙ ነበር።

«እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ እኔን ስታጎርሺ ብቻ ነበር» አሉ።