የዘለቀ ፊት

የመንገድ ካሜራዎች ሹፌርን በአነዳዱ ሳይሆን በፊቱ መክሰስ ከጀመሩ ወዲህ፣ የደሴው ባለታክሲ ዘለቀ ጠዋት ሊወጣ ሲል ሚስቱ ታንጉት ኮሌታ እንደምታቃና ሁሉ የግንባሩን ሽብሽብ በአውራ ጣቷ ታቃናለታለች። «ፈገግ በል እንጂ» ትለዋለች። ካሜራው የተኮሳተረ ሹፌር ካየ «አደጋ ሊያደርስ ነው» ብሎ ያስቆማል።

እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ግን ፈገግታው እምቢ አለው። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ መንጃ ፈቃዱን ወሰደበት። ዘለቀ ቅጣቱን አልቀበልም ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ።

«ምን አናዶህ ነበር?» አሉት ዳኛዋ።

«አልተናደድኩም፣ ክብርት ዳኛ። እናቴን ቀብሬ ለቀስተኞቹን በታክሲዬ አሳፍሬ ስመለስ እንባዬን እየዋጥኩ ነበር። ባለቅስ ካሜራው የባሰ ይከሰኝ ነበር።»

ዳኛዋ ምስሉን ደጋግመው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ቅጣቱን ሰረዙለት።

ያስቆመው ፖሊስ በር ላይ ጠበቀው።

«ካሜራው ያለኝን ሰምቼ ፊትህን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ እግዜር ያጽናህ» አለው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጠኝ። እኔ ልንዳ፣ አንተ አልቅስ።»

ዘለቀ ከኋላ ተቀመጠ። መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ «እምዬ!» ብሎ ጮኸ።