ትንፋሽ ያዝ

«አባዬ፣ አየር ሳብ... ያዝ!» እላለሁ በማይክሮፎኑ።

አባቴ ይይዛል። ከመስታወቱ ማዶ፣ የሲቲ ስካኑ አልጋ ላይ፣ እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ተጋድሟል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ለኖረ ሰው ሥራ ፈትቶ መተኛት ራሱ ቅጣት ነው። እኔ ስላዘዝኩት ብቻ ነው የታዘዘው።

ጎኑ ላይ የወጣችውን እብጠት ቤተሰቡ ሁሉ «እንግዳዋ» ነው የሚላት። በእጄ ዳስሼ «ስብ ናት፣ አታስብ» ያልኩት እኔ ነኝ። የቤቱ ሐኪም እኔ አይደለሁ! ማሽን የማንቀሳቀስ ባለሙያ መሆኔን ማን ይሰማኛል? እሱም «ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ስብ» እያለ ይቀልድባታል፤ እኛም እንስቃለን። ዛሬ ያመጣሁት እንኳ ለወጉ ያህል ነው።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ይመጣል።

ስብ ቢሆን ጠቆር ብሎ ይታይ ነበር። ዳሩ ልሙጥ ይሆናል፤ አጥንት ቢገፋ እንጂ አይበላም። ይሄ ግን ግራጫ ነው፤ ዳሩ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የጎድን አጥንቶቹን ከላይ ጀምሬ በጣቴ እከተላለሁ። ደህና ነው። ይሄም ደህና ነው። ቀጣዩ መሃሉ ላይ ብል እንደበላው ጨርቅ ሆኗል።

ጣቴ እዚያው ላይ ይቀራል።

ከጎኔ የተቀመጠው ዶክተር ምስል ሲያነብ ማፏጨት ልማዱ ነው። ፉጨቱ ቀጥ ይላል።

«ናሙና ሳይወሰድ ምንም አይባልም» ይላል ቀስ ብሎ።

ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። ደህና ለሆነ ሰው ተናግሯት አያውቅም።

«ስብ ነው ብዬው ነበር» እላለሁ። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ነኝ ስብ ነው ያልኩት!»

እሱ ግን ስክሪኑን ትቶ መስታወቱን ያያል። «ኧረ አባትሽ!» ይላል።

ቀና እላለሁ። የአባቴ ጉንጮች ተነፍተዋል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ የእግሩ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። ተንፍስ አላልኩትም። ልጁ ያዝ ብላዋለች፤ ይዟል።

የማይክሮፎኑን ቁልፍ እጫናለሁ። አንዲት ቃል ናት። ለካ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ።